ምዕራፍ ስድስት፦ ውርጭ፣ ድንች እና ዳኛ ሲሪካ

ዳኛ ጆን ሲሪካን ዓለም ያወቃቸው በዋተርጌት ነው። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቢሯቸው ያስቀዱትን የድምፅ ቴፕ እንዲያስረክቡ ያዘዙት እሳቸው ነበሩ። ዓመታት አልፈው በግንቦት 1984 በሰማንያ ዓመታቸው ፊታቸው የቀረበው መዝገብ ግን ስለ ቴፕም ስለ ፖለቲካም አልነበረም። ክርክሩ በሰሜን ካሊፎርኒያ አንድ የድንች ማሳ ላይ ሊረጭ ስለታሰበ ባክቴሪያ ነው። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲሪካ ባክቴሪያው አደገኛ ነው አላሉም። ምንም አያደርግምም አላሉም። ጥያቄው በወጉ ተጠይቆ መልሱ በጽሑፍ እስኪሰፍር ድረስ ርጭቱ ይቁም ነው ያሉት። መንግሥት የሳይንስ ሙከራን ይቆጣጠር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ሹም «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ብሎ ማኅተም ሲመታ ነው። ከማኅተሙ በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ፤ ማን ይጠይቅ፣ ምን ብሎ ይጠይቅ፣ መቼ ይጠይቅ የሚለው። የካሊፎርኒያውን ታሪክ በዝርዝር የማወራው የተሰናከለው ሁሉ እዚያ ላይ ስለተሰናከለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውርጭ። መንዝ ወይም ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ውርጭን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ማግስት ባቄላው ተቃጥሎ፣ ጠቁሮ ይገኛል። ከገበሬ እስከ ተመራማሪ ብዙ ዘመን የተያዘው ግምት ውኃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ከወረደ ይረጋል የሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። ንጹሕ ውኃ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለመርጋት መነሻ፣ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ሞለኪዩሎች ተሰድረው የሚይዙት ነገር ይፈልጋል። በዕፅዋት ቅጠል ላይ ይህን መነሻ ከሚሰጡት ዋነኛው ሱዶሞናስ ሲሪንጌ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በአካሉ ላይ ያለው ፕሮቲን የውኃ ሞለኪዩሎችን በበረዶ ቅርፅ ስለሚሰድራቸው፣ ባክቴሪያው ያለበት ቅጠል ገና ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይረጋል። ባክቴሪያው የሌለበት ቅጠል ግን ከዜሮ በታች እስከ 4 ወይም 5 ዲግሪ ድረስ ሳይጎዳ ሊያድር ይችላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለገበሬው ግን የዓመት ምርት የሚተርፍበት ወይም የሚጠፋበት ልዩነት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ሊንዶው ከባልደረቦቹ ጋር ያሰበው ይህን ነው፤ በረዶ የሚያስጀምረውን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረመል ከባክቴሪያው ተቆርጦ ይውጣ። የተገኘውን ባክቴሪያ «አይስ-ማይነስ» አሉት። ዘዴው ቦታ ቀድሞ የመያዝ ነው። ድንቹ ገና ቡቃያ ሳለ ይህ በረዶ የማያስጀምረው ባክቴሪያ ከተረጨ ቅጠሉን ይሞላዋል፤ በረዶ አስጀማሪው ዘመዱ ሲመጣ ቦታ ያጣል። ምንም አዲስ ዘረመል አልተጨመረም፤ የነበረ ወጣ እንጂ። እንዲያውም በረዶ የማያስጀምሩ የዚሁ ባክቴሪያ ዝርያዎች በተፈጥሮም ይገኛሉ። ይህ ነጥብ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ይያዝልኝ።

ሊንዶው ማንን ማስፈቀድ ነበረበት? ጥያቄው ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ በ1982 ግን ለእንዲህ ያለ ሙከራ የቆመ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የነበረው ኮሚቴ ነው። በ1975 ሳይንቲስቶች በካሊፎርኒያ አሲሎማር ተሰብስበው ስለ ዘረመል ቅየጣ አደጋ ከተወያዩ በኋላ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1976 መመሪያ አወጣ። የሚያማክረውም የሪኮምቢናንት ዲኤንኤ አማካሪ ኮሚቴ ነው። የመጀመሪያው መመሪያ የተቀየጠ ሕያው ነገርን ሆን ብሎ ከላቦራቶሪ ውጭ መልቀቅን ጨርሶ ይከለክል ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በልዩ ፈቃድ ሊታለፍ ይችላል ተባለ። እንግዲህ ዋና ሥራው የሕክምና ምርምርን በገንዘብ መደገፍ የሆነ ተቋም፣ ስለ ማሳ፣ ስለ ነፋስ እና ስለ ነፍሳት ይፈርድ ዘንድ ተገደደ። መመሪያውም የሚያስገድደው ከተቋሙ ገንዘብ የሚቀበሉትን ብቻ ነው። አንድ የግል ኩባንያ ወደ ኮሚቴው ቢመጣ በፈቃዱ ነው፤ ባይመጣም የሚጠይቀው የለም።

ኮሚቴው የሊንዶውን ማመልከቻ አይቶ፣ አስተካክልና ተመለስ ብሎ፣ በ1983 ደገፈው፤ ተቋሙም ፈቀደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጄረሚ ሪፍኪን ከድርጅቱ ጋር ሆኖ ክስ መሠረተ። ሪፍኪን ሳይንቲስት አይደለም፤ ጸሐፊና አክቲቪስት ነው፤ ባዮቴክኖሎጂን በጠቅላላው የሚቃወም ሰው ነበር። ብዙ ባዮሎጂስቶች ስሙ ሲነሣ ፊታቸውን ያኮማትሩ ነበር። ክሱ ግን ብልህ ነበር። «ባክቴሪያው ይገድላል» ቢል ኖሮ ማስረጃ አምጣ ይባልና እዚያው ይወድቃል። እሱ የያዘው ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራውን የአሜሪካን ብሔራዊ የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ነው። ሕጉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአካባቢ ላይ ትርጉም ያለው ተጽዕኖ ሊያስከትል የሚችል ውሳኔ ከመወሰናቸው በፊት ተጽዕኖውን አጥንተው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የጤና ተቋማቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ፈቀዱ፤ ታዲያ ጥናቱ የት አለ?

የለም። ወይም በጣም ጥቂት ነው። መዝገቡ ሲገለጥ፣ ባክቴሪያው ከማሳው ወጥቶ ስለመዛመቱ የተጻፈው እፍኝ የማትሞላ ማብራሪያ ሆና ተገኘች፤ በነፍሳት ወይም በአየር ወደ አጠገብ መሄድ ቢቻልም የሚሄደው ቁጥር ትንሽ ነው፣ የሄደውም የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው የምትል። ምናልባት እውነት ናት። ግን ማን መረመራት? በምን? ሲሪካ እግዱን ሰጡ። ከዚያም አልፈው ተቋሙ ሌሎች ተመሳሳይ ሙከራዎችን እንዳይፈቅድ ከለከሉ። በየካቲት 1985 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሁለተኛውን፣ ሰፊውን ክልከላ አነሣ፤ የሊንዶው ሙከራ ላይ የተጣለውን ግን አጸና። ስለ መዛመት የተሰጠችው አጭር ማብራሪያ ሕጉ ከሚጠይቀው ጋር አትመጣጠንም ነው ያለው።

በዚህ ጊዜ ከኢኮሎጂስቶች በኩል ኮሚቴው ያልጠየቀው ጥያቄ መጣ። በረዶ አስጀማሪ ባክቴሪያዎች ከቅጠል ተነሥተው በነፋስ ወደ ደመና ይወጣሉ፤ እዚያም ለዝናብ መነሻ ከሚሆኑት ነገሮች መካከል ሊሆኑ ይችላሉ። በረዶ የማያስጀምረው ዝርያ በሰፊው ቢተካቸው ዝናቡ ምን ይሆናል? ከአንዲት ትንሽ የሙከራ ማሳ ይህ ይመጣል ብሎ የሰጋ የለም። ነገር ግን ሙከራ የሚደረገው ወደፊት በሰፊው ለመጠቀም ስለሆነ፣ ጥያቄው ከማሳዋ ስፋት በላይ ነው። ሞለኪዩላር ባዮሎጂስቶች የሞሉበት ክፍል ውስጥ ደመና ትዝ የሚለው ሰው አለመኖሩ የማንም ክፋት አይደለም። የጠያቂውን ማንነት የጥያቄውን ያህል አስፈላጊ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

ጎን ለጎን አንድ የግል ኩባንያ እየሮጠ ነበር። መቀመጫውን ኦክላንድ ያደረገው አድቫንስድ ጄኔቲክ ሳይንስስ ይህንኑ ባክቴሪያ «ፍሮስትባን» በሚል ስም ለገበያ ለማውጣት እንጆሪ ላይ ሊሞክረው ፈለገ። ወደ አሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሄደ። ኤጀንሲው ደግሞ ያለውን ሕግ ፈትሾ የጸረ ተባይ ሕጉን አገኘ፤ አንዱ ባክቴሪያ ሌላውን ከቅጠል ስለሚያስለቅቅ በሕግ ፊት ጸረ ተባይ ነው። እንዲህ ነው በረዶ ማስጀመር የማይችለው ባክቴሪያ ከመርዝ ጋር አንድ መዝገብ ውስጥ የገባው። ያልተፈጠረለትን ሕግ ለአዲስ ነገር ማልበስ የመሥሪያ ቤቶች የቆየ ልማድ ነው፤ አንዳንዴም ከአዲስ ሕግ ይሻላል። ፈቃዱ በኅዳር 1985 ተሰጠ።

ቀጥሎ የሆነው ኩባንያውን አሳፈረ። ሙከራው የታሰበበት ቦታ በሞንቴሬይ ካውንቲ መሆኑ ሲታወቅ ነዋሪዎቹ ተቆጡ። ማንም አላማከራቸውም፤ ቦታው በምሥጢር ነበር የተያዘው። የካውንቲው ምክር ቤት ሙከራውን አገደ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ ወጣ፤ ኩባንያው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1985፣ ማንንም ሳያስፈቅድ በኦክላንድ ሕንጻው ጣሪያ ላይ ባሉ 45 ያህል ዛፎች ውስጥ ባክቴሪያውን በመርፌ አስገብቷል። ኩባንያው ልጡ ውስጥ የገባ ነገር ተዘግቶበታል ሲል ተከራከረ። ኤጀንሲው ጣሪያ ማለት ደጅ ነው አለ። በመጋቢት 1986 ፈቃዱን አግዶ 20,000 ዶላር ቀጣው፤ ቅጣቱ በኋላ ወደ 13,000 ተቀነሰ። ገንዘቡ ለኩባንያው ምንም አይደለም። ጉዳቱ «እመኑን» የሚለው ቃል ዋጋ ማጣቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የጣሪያው ታሪክ ሳይነሣ የሚያልቅ ስብሰባ አልነበረም።

በመጨረሻ ሚያዝያ 1987 ደረሰ። ብሬንትዉድ በምትባል ከተማ አቅራቢያ 2,400 ያህል የእንጆሪ ችግኝ ተተከለ። በዋዜማው ሌሊት ሰዎች አጥሩን አልፈው ገብተው አብዛኛውን ነቀሉት። ሠራተኞቹ ችግኙን መልሰው ተከሉትና ሚያዝያ 24 ርጭቱ ተካሄደ። የኩባንያው ሳይንቲስት በተቆጣጣሪዎች መመሪያ መሠረት ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ነጭ ልብስ፣ ጓንትና የመተንፈሻ ጭምብል ለብሳ ረጨች። ፎቶግራፉ ዓለምን ዞረ። በፎቶግራፉ ላይ የማይታየው፣ ጋዜጠኞቹ ጥቂት እርምጃ ርቀው በተራ ሸሚዝ መቆማቸው ነው። ልብሱ ለሚረጭ ሰው በተለምዶ የሚታዘዝ ጥንቃቄ ነበር፤ ለሚያየው ሕዝብ ግን ማስጠንቀቂያ ሆነ። ቁጥጥር እንዲህም ያደርጋል፤ ራሱ የሚያዘው ጥንቃቄ አዲስ ፍርሃት ይወልዳል። መፍትሔው ጥንቃቄውን መተው እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን ለምን እንደሆነ ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ከአምስት ቀን በኋላ ሊንዶው ራሱ በኦሪገን ድንበር አቅራቢያ ባለችው ቱልሌክ የድንች ቡቃያውን ረጨ። ካመለከተ ወደ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። እዚያም ሌሊት የገቡ ሰዎች ከፊሉን ነቅለውበታል። ውጤቱ? ባክቴሪያው ሠራ፤ በተረጨው ድንች ላይ የውርጭ ጉዳት ቀነሰ። በማሳው ዙሪያ የተተከሉት የአየር መመርመሪያዎችም ይህ ነው የሚባል መዛመት አላገኙም። ኮሚቴው በዚያች አጭር ማብራሪያው የገመተው ትክክል ነበር።

ታዲያ ሲሪካ ተሳሳቱ? አይመስለኝም። ግምት ትክክል ሆኖ መገኘቱ ግምትነቱን አይሽረውም። ከእግዱ በኋላ ያሉት ዓመታት ያመጡት መመርመሪያ፣ የተሰናዳ መዝገብ እና መልስ ነው፤ በሰኔ 1986 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ሥራውን በአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በግብርና መሥሪያ ቤቱና በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ መካከል የሚያከፋፍል ማዕቀፍ አወጣ። ሆኖም ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ፍሮስትባን ገበያ ላይ ዋለ የሚባልበት ቀን አልመጣም። ለአንድ እርሻ ግብዓት ያንን ሁሉ ፈቃድ፣ ክስ እና አጥር መክፈል አላዋጣም። በረዶ የማያስጀምር፣ ከተፈጥሮ የተገኘ ዘመድ ባክቴሪያ ግን ማንም ሳይጮህ ተመዝግቦ ለፍራፍሬ ገበሬዎች ተሸጠ። በረዶ አስጀማሪው ራሱ ደግሞ ተገድሎና ደርቆ የበረዶ ሸርተቴ ሜዳዎች ሰው ሠራሽ በረዶ ለመሥራት ይጠቀሙበታል። ቅድም ይያዝልኝ ያልኩት ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። አይስ-ማይነስና ከተፈጥሮ የተገኘው ዘመዱ ቅጠሉ ላይ የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ በመቀስ ተሠራ፣ ሌላው ተገኘ፤ ፍርድ ቤት የቀረበው ባለ መቀሱ ብቻ ነው። ቁጥጥሩ የሚጠይቀው «ምን ያደርጋል?» ሳይሆን «እንዴት ተሠራ?» ከሆነ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል። በዚህ ላይ አገሮች እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ አሜሪካ ወደ መጀመሪያው፣ አውሮፓ ወደ ሁለተኛው ያደላሉ።

በርክሌይና ኦክላንድ ያሉበት ያው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በ2024 ሌላ ሙከራ አየ። ከኦክላንድ ማዶ ባለችው አላሚዳ፣ ሙዚየም በሆነው ሆርኔት የጦር መርከብ ላይ፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባሕር ጨው ብናኝ ወደ አየር ረጩ። ዓላማቸው ደመናን በማንጣት የፀሐይን ሙቀት መመለስ ይቻል እንደሆነ ማጥናት ነው። የከተማዋ አስተዳደር ነገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው። አስቆመ፤ ባለሙያ ቀጠረ፤ ባለሙያዎቹ ብናኙ ለጤና የሚያሰጋ አይደለም አሉ፤ የከተማው ምክር ቤት ግን በሰኔ በሙሉ ድምፅ ሙከራው እንዳይቀጥል ወሰነ። በፌዴራል ደረጃ ያለው የ1971 ሕግ የአየር ጠባይን ለመለወጥ የሚሞክር ሰው አስቀድሞ ሪፖርት እንዲያደርግ ብቻ ነው የሚያዘው፤ የመከልከል ሥልጣን ለማንም አልሰጠም። ጥያቄውን የሚጠይቅ ሲጠፋ፣ የመጨረሻው ጠያቂ የመርከብ ኪራይ ውል የሚያየው የከተማ ምክር ቤት ሆኖ ተገኘ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በሌላ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሙከራው ቀድሞ ሕጉ ተከተለ፤ እኛ ዘንድ ሕጉ ቀድሞ ሙከራው ተከተለ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። የኢትዮጵያን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለዓመታት የመሩት እኚህ የዕፅዋት ሳይንቲስት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተካሄደው የደኅንነተ ሕይወት ድርድር የአፍሪካ አገሮች፣ ኋላም የበርካታ ታዳጊ አገሮች ቃል አቀባይ ሆኑ። ፊት ለፊታቸው አሜሪካን፣ ካናዳን፣ አውስትራሊያን፣ አርጀንቲናን፣ ቺሌንና ኡራጓይን የያዘው «የማያሚ ቡድን» ተሰልፎ ነበር። በየካቲት 1999 ካርታኼና፣ ኮሎምቢያ ላይ ድርድሩ ፈረሰ፤ በጥር 2000 ሞንትሪያል ላይ ተቋጨ። የተገኘው የካርታኼና ፕሮቶኮል ዋና ሐሳብ፣ ልውጠ ሕያው (በዘረመል የተለወጠ ሕያው ነገር) ወደ አንድ አገር ለመልቀቅ ታስቦ ከመግባቱ በፊት አገሩ ተነግሮት፣ መርምሮ፣ ይሁን ማለት አለበት የሚል ነው። ተወልደ ብርሃን በዚያው ዓመት «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በአገር ውስጥ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ወጣ። በጣም ጥብቅ ነበር። ተመራማሪዎች ለሙከራ እንኳ መፈናፈኛ አጣን ብለው አማረሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪው ደግሞ ጥጥ ይፈልግ ነበር። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለና መንገዱ ለዘበ። በአጥር የተከለለ የመስክ ሙከራ ተካሄደ፤ በ2010 ዓ.ም. ትልን የሚቋቋም፣ በዘረመል የተለወጠ ጥጥ ለገበሬ እንዲደርስ ተፈቀደ። ጥብቁን ሕግ የሚያደንቁት ማሻሻያውን እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ምንም እንዳይሞከር የሚያደርግ ሕግ ቁጥጥርን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል፤ የሚመረመር ነገር አይመጣለትምና። የሚያሳስበኝ የማሻሻያው መልክ ሳይሆን፣ ከተሻሻለ በኋላ የምርመራው ሰነድ ምን ያህል ለሕዝብ ዓይን ይደርሳል የሚለው ነው። ሪፍኪን ሊከስ የቻለው የሚገለጥ መዝገብ ስለነበረ ነው።

ከጥጥ ይልቅ ከባዱ ፈተና እንሰት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርበትን ይህን ተክል አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ይፈጀዋል፤ ተመራማሪዎችም በሽታውን የሚቋቋም እንሰት በዘረመል ምሕንድስና ለማግኘት እየሠሩ ነው። ጥጥ ከውጭ የመጣ ዘር ሆኖ ይገዛል። እንሰት ግን በምግብነት የለማው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው፤ የዱር ዘመዱም በደቡብ ምዕራብ ጫካ አለ። እንሰት አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ስለሚቆረጥ፣ ለበቆሎ የሚታዘዘው የማሳ ርቀት ለእሱ ብዙም አያስጨንቅም። እንሰት የሚዛመተው በሰው እጅ ነው፤ ከእናት ተክሉ የፈላው ችግኝ ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ለተዳረች ልጅ ይሰጣል። የቱልሌክ ተቆጣጣሪዎች የአየር መመርመሪያ ተክለው ነፋሱን ጠበቁ። ጉራጌ ወይም ሲዳማ ውስጥ ችግኝ ከጓሮ ጓሮ ሲሄድ የሚመዘግብ መሣሪያ የለም፤ የሚያውቁት ዝርያውን በስም ለይተው የሚያሳድጉት፣ የሚፍቁትና ቆጮ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የመመካከር መብት አለው ይላል። የመጀመሪያው በዘረመል የተለወጠ እንሰት ከአጥር ለመውጣት ፈቃድ ሲጠየቅለት፣ ከፋይሉ ውስጥ መፈለግ ያለበት የእነዚህ ሴቶች ቃል የሰፈረበት ገጽ ነው።